ከጃፓን የቀዳነውና የተውነው

ባለፈው ክረምት ሲሪንቃ ወላጆቻችን ዘንድ ማሽላ ስናርም ውለን ማታ ስለ ጃፓን ስንከራከር፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጣልቃ ገቡና «ልጆቼ፣ ለመሆኑ የጃፓን ገበሬ ግብሩን ከከፈለ በኋላ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ማን ይጠይቅለታል?» አሉን። የአርት ፋክልቲ ተማሪዎች ነን ባዮቹ መልስ አጣን። ስለ ጃፓኖች ትጋት ግን ስንት ሰዓት ስንለፈልፍ ነበር!

ጃፓንን መምሰል በአገራችን አዲስ ምኞት አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በእጅጉ የተከተለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ሁለቱም ሕጎች ከዙፋን ለሕዝብ የተሰጡ ስጦታዎች ነበሩ።

ልዩነቱ ያለው በግምጃ ቤቱ ቁልፍ ላይ ነው። በጃፓን የታችኛውን ምክር ቤት በመጀመሪያ የመረጡት ቢያንስ 15 የን ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ነበሩ፤ ከመቶ ሰው አንድ ያህል ብቻ። ይህ ዲሞክራሲ ነው አንልም። ነገር ግን ምክር ቤቱ በጀቱን ካልተቀበለ መንግሥት ባለፈው ዓመት በጀት እንዲሠራ ሕጉ ያዝዝ ነበር፤ ጦርና መርከብ ለሚያበዛ መንግሥት ደግሞ ያለፈው ዓመት በጀት ምን ይረባዋል? ስለዚህ ሹማምንቱ ፓርቲዎቹን መለማመጥ ግድ ሆነባቸው። ሕገ መንግሥቱን በማርቀቅ ዋና የነበረው ኢቶ ሂሮቡሚ ራሱ በ1900 ሰዩካይ የተባለውን ፓርቲ አቋቋመ፤ በ1918 የዚሁ ፓርቲ መሪ ሃራ ታካሺ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በእኛ አገር የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ሾሙ፤ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት መረጡ። በጀቱ ይመከርበት ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዙፋኑ ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን ይምረጥ ቢባልም ፓርቲ አልነበረም፤ ብቻውን የቆመ እንደራሴ ማንን ያስፈራል? የወሎ ረሃብ በደረሰ ጊዜ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ፎቶግራፉን አምጥተው ለአዲስ አበባ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እንጂ ፓርላማው አልነበረም።

ጃፓንን ልናመልካት አይደለም። ጦሩ ተጠሪነቱ ለምክር ቤት ሳይሆን በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበረ፣ የብላቴን ጌታ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 7 ቀን፣ የባሕር ኃይል መኮንኖች ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይን በመኖሪያ ቤቱ ገደሉት፤ የፓርቲ መንግሥትም እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቀረ። ዛሬም ቢሆን የአባቱን የምክር ቤት ወንበር የሚወርስ ልጅ በዚያ አገር ብዙ ነው። (መኳንንት በየአገሩ ዘዴ አያጣም!)

ሽማግሌው የግብሩንና የመዋጮውን ደረሰኝ በጨርቅ ቋጥረው ያስቀምጣሉ። ብሩ ምን ላይ እንደ ዋለ ግን የነገራቸው የለም። እኛስ? ለማኅበራችን በየዓመቱ እናዋጣለን፤ ሒሳቡ በስብሰባ ሲነበብ የሰማ ከመካከላችን ማን ነው? በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲነበብልን እንጠይቃለን። ክረምት ሲሪንቃ ስንመለስ ሽማግሌው እንደገና መጠየቃቸው አይቀርምና።