ጤፉን ማን አስመለሰው?

በ1997 ዓ.ም. ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁለት የአገር ሀብት ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመለከተ። የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ውል ተፈራረመ።

ቡናው በጠብ ተጀመረ። ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ምልክት በራሱ ስም ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኢትዮጵያን ማመልከቻ ተቃወመ። ጽሕፈት ቤቱ ግን አልለቀቀም። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተለት፣ የአሜሪካ ጠበቆች ያለ ክፍያ ቆሙለት፤ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ስታርባክስ የስምምነት ፊርማውን አኖረ።

ጤፉ በፈገግታ ነበር የተጀመረው። ኩባንያው ከትርፉ ለማካፈልና ምርምር ለመደገፍ ቃል ገባ። ችግሩ፣ ውሉ ሲፈረም ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ካስገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ፓተንቱም ሲጸድቅ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ የሚገኘው ዱቄት ነው። ጎተራ ያለው የጎጃም ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? በ2001 ዓ.ም. ገደማ ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ግን አብሮት አልሞተም፤ ወደ ሌሎች እጆች ተላለፈ። ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ ወደ 4 ሺሕ ዩሮ ብቻ ነው።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድሱን ፓተንት ሻረው፤ ፈጠራነት የለውም ብሎ። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ እንደ አገር ድል ተከበረ። ደስታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከሳሹም ተከሳሹም የኔዘርላንድስ ድርጅቶች ነበሩ። ባለ ፓተንቱ ሌላውን የዳቦ ግብዓት አምራች ከሰሰ፣ ያኛውም ራሱን ሲከላከል ፓተንቱን አስጣለ። ጤፉን ያስመለሰው የሁለት ነጋዴዎች ጠብ ነው እንጂ የኢትዮጵያ ጠበቃ አይደለም።

ቀድሞ የማስመዝገብ ጉዳይ በቡናና በጤፍ አያበቃም። ዛሬ «ኢትዮጵያ ታምርት» ተብሎ ኤግዚቢሽኑ በየዓመቱ ይደምቃል። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን በውጭ አገር ማሽን የታተመ ጥለት ከሸማኔው የእጅ ሥራ ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይቸበቸባል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ አለ። ነገር ግን አዋጁ የሚጠብቀው አዲስ የሆነውን ንድፍ ነው። ሸማኔው አዲሱን ጥለት ባዛር ላይ ሰቅሎ፣ ፎቶው በስልክ ዞሮ ካበቃ በኋላ ወደ መዝጋቢው ቢሮ ቢሄድ ሊረፍድበት ይችላል። ባዛር የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ለድንኳኑ ኪራይ እንደሚጨነቀው ሁሉ፣ የባዛሩ በር ከመከፈቱ በፊት መዝጋቢውን ወደ ሽሮ ሜዳ ቢልክ ምን ይጎድልበታል?