እንጨዋወት፦ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ብስክሌት ነው። ያውም ስለ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት።

ከእናንተ መካከል ብስክሌት ያለው አለ። ከጎረቤት የሚዋስም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ብስክሌት የሚያየው ገበያ ሲወጣ ብቻ ነው። ለሁላችሁም የሚሆን ወሬ አናጣም።

እኛ የብስክሌት ወዳጆች ነን። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ በጣና ሐይቅ ዳር ተዘርግታ ተቀምጣለች። ስለዚህ ተማሪውም ሠራተኛውም ነጋዴውም በብስክሌት ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። እሱ ላይ ስንሄድ ትንሽ እንኮራለን።

ለመሆኑ ማርሽ ምንድን ነው? ብስክሌትን ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ከፔዳሉ ጋር የሚዞር ትልቅ ባለ ጥርስ ብረት አለ። በኋላው ጎማ መካከል ደግሞ ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰንሰለት ነው፤ ብስክሌተኛው ካቴና ይለዋል። ብዙ ማርሽ ያላት ብስክሌት ከኋላዋ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ባለ ጥርስ ብረት ተደራርቦባታል። ሰንሰለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያም አላት። ዳገት ሲመጣ ወደ ቀላሉ፣ ሜዳ ሲመጣ ወደ ከባዱ ታሻግራለች።

የእኛዋ ይህ ሁሉ የላትም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ሰንሰለት አንድ። በቃ።

እስቲ ጥርስ እንቁጠር። መጀመሪያ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ አለዚያ ዞሮ ይደገምባችኋል። የእኛዋ ፊቷ 44 ጥርስ፣ ኋላዋ 18 ጥርስ ነው። 44ን ለ18 ስናካፍል ሁለት ተኩል ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ይህ ማለት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል ማለት ነው። ትልቁ ባለ 28 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ እግራችን አንድ ዙር ሲሠራ ከ5 ሜትር በላይ እንሄዳለን። በእግር ቢሆን ሰባት ስምንት እርምጃ ነው።

የኋላው ጥርስ 22 ቢሆንስ? 44 ለ22 ሲካፈል ልክ 2 ነው። አንድ ዙር 4 ሜትር ከ40 ብቻ ያስኬዳል። መንገዱ አጠረ፤ ለእግር ግን ቀለለ። ዳገት ላይ ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ ልዩነቱን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማለዳ ከቤት ስንወጣ ጎማውን በአውራ ጣት እንጫናለን። ከጎደለ እንነፋለን። ሰንሰለቱን መሐል ላይ በጣት እንነካለን። አንድ ጣት ያህል ከፍ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከረገበ ግን ይወልቃል። ያን ጊዜ የኋላውን ጎማ ሁለት ዳዶ እናላላለን፤ ጎማውን ወደ ኋላ እንስባለን፤ ቀጥ ማለቱን አይተን እናጠብቃለን። ያለ ብስክሌት ሠሪ፣ በአንድ መፍቻ ያልቃል። በየሳምንቱ ደግሞ ሰንሰለቱን በአሮጌ ጨርቅ ጠርገን ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ እናደርጋለን። የወጥ ዘይት የሚቀባ ሰው አይተናል። እባካችሁ ተዉት፤ ይደርቅና አቧራውን እንደ ሙጫ ይሰበስባል።

ስለ መፍቻ ካነሣን አይቀር፣ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ፔዳል ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ሲታገል ያጠብቀዋል። ከዚያ ብስክሌቷን ይሰድባል።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት ብንልም ቤዛዊት የሚባል ኮረብታ አላት። ባለ ብዙ ማርሾቹ እንደ ተቀመጡ አልፈውን ይወጣሉ። እኛ ግማሽ ላይ እንወርዳለን። ብስክሌቷን እየገፋን እንወጣለን። ወርዶ መግፋት ነውር የሚመስለው ሰው አለ። እኛ ነውር አይመስለንም። ስንገፋ ነው እንዴት ዋላችሁ የምንባባለው። ሜዳ ላይ እኮ ሰላምታውን በነፋስ ነው የምንወረውረው፤ መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን። አንድ ቀን አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ዳገቱ ላይ አገኙን።

«ልጆቼ፣ እናንተ ናችሁ የምትጋልቧት ወይስ እሷ ናት የምትነዳችሁ?» አሉን።

«ዳገት ላይ አብረን ነው የምንሄደው፣ አባታችን» አልናቸው።

«እሱስ ደግ ነው። ለአህያም ዳገት ላይ ይወረድላታል» ብለው አለፉ።

በዳገት መውረድ የድሃ ብቻ አይምሰላችሁ። በፈረንሳይ አገር ቱር ደ ፍራንስ የሚባል ትልቅ የብስክሌት ውድድር አለ። የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ነው። እስከ 1937 ድረስ ያ ሰንሰለት የሚያሻግረው መሣሪያ በውድድሩ ክልክል ነበር። ታዲያ ተወዳዳሪዎቹ ያን የሚያህል ተራራ እንዴት ወጡት? የኋላው ጎማ በቀኙም በግራውም ጥርስ ነበረው፤ አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዳገት። ተራራው ሥር ሲደርሱ ይወርዳሉ። ጎማውን ፈትተው ይገለብጡታል። መልሰው ያስሩና ይወጣሉ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያንኑ ይደግማሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ባላንጣው እያለፈ ነው እንግዲህ!

ቻይና አገር ደግሞ «በራሪ ርግብ» የምትባል ብስክሌት አለች። ከ1950 ጀምሮ በቲያንጂን ከተማ ተሠርታለች። ጥቁር ናት፤ ከባድ ናት፤ 20 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ማርሿ አንድ ነው። በዚያ ዘመን በቻይና ሙሽራ ከሚጠየቀው ዕቃ አንዱ ብስክሌት ነበር። የቀሩት የልብስ ስፌት መኪና፣ የእጅ ሰዓትና ራዲዮ ናቸው። በእኛ ጥሎሽ ላይ ብስክሌት ሲቆጠር ገና አላየንም። ቢቆጠር ግን የሚጠላ የለም።

አገራችንም ከብስክሌት ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር።

አሁን ወደ አንድ ባልንጀራችን ጉዳይ እንሂድ። ባልንጀራችን ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። በባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ወተት ያመላልሳል። በኋላው መጫኛ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጀሪካን ያስራል፤ እያንዳንዱ 10 ሊትር ይይዛል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ገዢው ይቀንሳል። ያን ቀን ብስክሌቷ እህል ጭና ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። እሑድ ሴት ልጁ ትማርባታለች። የመሐል ብረቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀሚሷን ያስቸግራታል፤ እሷ ግን በጎን እግሯን አሾልካ ትነዳዋለች። ጉድ ነው መቼም።

ይህ ባልንጀራችን ባለፈው መጥቶ ምክር ጠየቀን። አንድ ሰው ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት አሳይቶታል። ቀይ ናት፤ ታብረቀርቃለች። «አሮጌዋን ስጠኝና ገንዘብ ጨምር» ብሎታል። ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ባለ ጥርስ ብረት አላት። 3 በ7 ሲባዛ 21 ነው። በመንገዱ ላይ አንድ ክፉ ዳገት አለ። ወተቱ ረፋድ ሳይል ካልደረሰ ይበላሻል። የተጠየቀውን ገንዘብ ግን በእጁ አልያዘም። ያለችው አንዲት ጊደር ናት። እሷን መሸጥ ነው።

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጊደር ማለት የነገ ወተት ናት። ብስክሌት ደግሞ የዛሬውን ወተት ገበያ የምታደርስ ናት።

እኛ ባለ አንድ ማርሽ ስለምንወድ ብቻ «አትለውጥ» ማለት አልፈለግንም። ማርሽ መልካም ነገር ነው። አገሩ ሁሉ ገደልና አቀበት የሆነበት ሰው ቢጠይቀን፣ ጥሩዋን ካገኘህ ግዛ እንለዋለን። የእሱ መንገድ ግን አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ክፉው ዳገት አንድ ብቻ ነው። ደግሞ ያ ሰንሰለት የሚያሻግረው መሣሪያ ከኋላ በቀኝ በኩል ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። ብስክሌቷ በቀኝ ጎኗ ድንጋይ ላይ ብትወድቅ ይጣመማል። ተጣሞ ቢነዱት ሰንሰለቱ ዘሎ ከጎማው ሽቦ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በገጠር ያን ማን ያቃናዋል? ዕቃውስ ከየት ይመጣል?

ሌላም ነገር አለ። «የጎማ ችግር የለብኝም፤ ቤቴ ሁለት ትርፍ ጎማ አለኝ፤ እሷም 26፣ የእኔዋም 26 ናት» አለን። እዚህ ላይ አስቆምነው። እናንተም ልብ በሉ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አንብቡ። 26 ሁሉ አንድ ዓይነት 26 አይደለም። በአሮጌው ጎማ ላይ 26 × 1 3/8 ተብሎ ተጽፏል። በአዲሲቱ ላይ 26 × 1.95 ይላል። ያኛው በክፍልፋይ፣ ይኸኛው በነጥብ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። በብዙ ጎማዎች ላይ ሌላ ቁጥርም ይገኛል። በአሮጌው 590፣ በአዲሱ 559 የሚል ነው። ይህ ቸርኬው ላይ የሚያርፈው የጎማ አፍ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲለካ ነው። ልዩነቱ 31 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 3 ሳንቲ ሜትር የሰፋ ጎማ በቸርኬው ላይ አይያዝም፤ ይወልቃል። ባለ ሱቁ «26 ነው፣ ውሰደው» ቢላችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

ባልንጀራችን ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያ «እሺ፣ ዳገቱንስ ምን ላድርገው?» አለ። ያን ጊዜ ነው የቅድሙን ቁጥር ያነሣንለት። የኋላውን ጥርስ ቆጠርን፤ 18 ነው። ወደ 22 ይለወጥ አልነው። ባለ ጥርስ ብረቱ ከጊደር ጋር የሚተያይ ዋጋ የለውም። ሰንሰለቱ ሊያጥር ስለሚችል ብስክሌት ሠሪው ጥቂት እንዲቀጥልለት ነገርነው። ሜዳው ላይ ትንሽ ይዘገያል። ዳገቱ ላይ ግን ብዙውን ሳይወርድ ይወጣል።

ከዳገቱ ይልቅ እኛን ያስፈራን ቁልቁለቱ ነው። ፍሬኑን ብንመለከት ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ብረት ይነካል! በዚህ ላይ የብስክሌቷ ቸርኬ ብረት ነው። የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ ፍሬን አይዝም። በደረቅ ቀን ቶሎ የምትቆም ብስክሌት በክረምት ብዙ ርቀት ተንሸራትታ ነው የምትቆም። ሃያ ሊትር ወተት ከኋላ ሲገፋ ደግሞ አስቡት። በዓለም ላይ ፍሬን የሌላት ብስክሌት አለች፤ በክብ ሜዳ ውስጥ የሚወዳደሩባት ናት። እሷም ማርሿ አንድ ነው። ግን ፔዳሏ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እግር ሲያዘግም እሷም ታዘግማለች። በዚያም ሜዳ ላይ መኪና የለም፤ በሬ የለም፤ ከጓሮ ሮጦ የሚወጣ ሕፃን የለም።

ስለዚህ እንዲህ አልነው። ላስቲኩን ዛሬውኑ ለውጥ። በዝናብ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ደጋግመህ ያዝ፤ ውኃው ከቸርኬው ላይ ይጠረግ። ሁለቱንም ፍሬን አብረህ ያዝ። ጋቢህን ጠቅልለህ እሰር፤ ጫፉ በጎማው ሽቦ ከተያዘ ሰውን ይጥላል። ጭነት ይዘህ በጣም ተዳፋት የሆነው ላይ ስትደርስ ውረድ። «ለዳገቱም ለቁልቁለቱም ውረድ ካላችሁኝ መቼ ልቀመጥ ነው?» ብሎ ሳቀብን።

ላስቲኩን በማግስቱ አስለወጠ። የኋላውን ጥርስም በሳምንቱ አስቀየረ። አሁን ዳገቱ ላይ የሚወርደው ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ካላየው ነው ይላል። ጊደሯ አልተሸጠችም። ሰውዬው ግን ያችን ባለ 21 ማርሽ ባየ ቁጥር ዞር ብሎ መመልከቱን አልተወም። አይፈረድበትም። ታብረቀርቃለች እኮ፤ እኛም እናያታለን።