የባል ሕመም ለሚስት ማስጠንቀቂያ ነው

በዚህ ዓምድ ስለ ምግብ፣ ስለ ጨጓራና ስለ ሕፃናት ክትባት ማውራት ይቀለናል። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በሐያእ ምክንያት ከአፋችን ስለማናወጣው ጉዳይ፣ ስለ አባላዘር በሽታዎች ሕክምና ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ሐያእ መልካም ጸባይ ነው። ሆኖም የአንሷር ሴቶች ስለ ሰውነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከመጠየቅ ሐያእ እንዳላገዳቸው መድረሳ የገባን ሁሉ ተምረናል። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር።

የምሠራው በመንዝ ደጋ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በመርሐቤቴ በኩል ሠርቻለሁ። በሁለቱም ቦታ የማየው ነገር አንድ ነው። በገበያ ቀን አንድ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ በር ላይ ቆሞ ሌላው ገዢ እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚያ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቴ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው መሰል ያቃጥለኛል። እስቲ ካፕሱል ስጪኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ጨረቃ እያየ በመሽናቱ እንደታመመ ይነግረኛል። ጨብጥ ግን ከድንጋይም ከጨረቃም አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ተህዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት፣ ሥራ ስጀምር በነበርኩበት መድኃኒት ቤት፣ እንዲህ ብሎ ለመጣ ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ ቴትራሳይክሊን ሸጥኩለት። የያዘው ብር የሚበቃው ለስድስት ፍሬ ብቻ ስለነበረ ስድስት ፍሬ ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለትዳር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለ ባለቤቱ ግን አልጠየቅኩትም። አፈርኩ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያንኑ ገዛ። ከዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ወጣት ሴት ከእናቷ ጋር መጥታ ከእምብርቷ በታች ለሚያማት ሕመም ማስታገሻ ጠየቀችኝ። ስናወራ ባሏ «አልወለድሽም» ብሎ ፈትቷት ወደ ወላጆቿ ቤት መመለሷን ነገረችኝ። ባሏ ያ ሰው ነበር። ሕመሟ ከእሱ የተላለፈ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም፤ የመረመራትም ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያን ቀን «ባለቤትህስ?» ብዬ አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህች ጥያቄ ለምን ትልቅ ሆነች? ጨብጥ የያዘው ወንድ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምልክቱን ያያል። ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ መግል ይወጣዋል። በሴት ግን እንዲህ አይደለም። ጨብጥም ሆነ ክላሚዲያ የያዛት አብዛኛዋ ሴት አንዳችም ሕመም አይሰማትም። ተህዋሱ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወደ ማሕፀንና ወደ ዘር ማስተላለፊያ ቱቦዎች ወጥቶ ያቆስላል፤ ቁስሉም ሲድን ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ መካንነት ይመጣል፤ ወይም ፅንስ ከማሕፀን ውጭ ያድርና ለሕይወቷ ያሰጋል።

እንግዲህ አስተውሉ። ሴቲቱ ምልክት የላትም። ስለዚህ ያላት ብቸኛ ምልክት የባሏ ሕመም ነው። ባል ሕመሙን ደብቆ ብቻውን ሲታከም፣ ሚስቱ ልታገኘው የምትችለውን የመጀመሪያውንና ምናልባትም የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ይነፍጋታል ማለት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

በሀገራችን ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታ ሕክምና የሚሰጠው በአብዛኛው የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ፣ በሚታዩት ምልክቶች ነው። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያም ይህንኑ የተከተለ ነው። እንደ መንዝና ግሼ ላሉ የጨብጥን ዓይነት ምርመራ በቅርብ ለማያገኙ አካባቢዎች ዘዴው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሰውየው በመጣበት ቀን መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። ጉድለቱም ግን ግልጽ ነው። ምልክት የሌላትን ሴት አያገኛትም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በምልክት ብቻ ማከም በተለይ ለሴቶች በቂ እንዳልሆነና በሚቻልበት ሁሉ ምርመራ እንዲጨመር መክሯል። ምርመራው ወደ እኛ እስኪደርስ ድረስ ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው የትዳር ጓደኛን አብሮ ማከም ነው።

መመሪያው ይህን አልዘነጋም። መድኃኒቱን በትክክል መጨረስን፣ ምክርን፣ ኮንዶምንና የትዳር ጓደኛን ማሳከምን አብሮ ያዛል። ቀደም ባሉት ዓመታት በዲኬቲ ኢትዮጵያ በኩል በግል ክሊኒኮች ይሰጡ የነበሩት «አዲስ ኪዩር ፕላስ»ና «አልኪዩር ፕላስ» የተባሉ የታሸጉ መድኃኒቶችም ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ የጥሪ ካርድ ነበራቸው። ወረቀት ግን በራሱ እግር አይሄድም። ባል ከኪሱ ካላወጣው ሚስት አታየውም።

«ሚስቴ ደህና ናት፤ ለምን ትታከማለች?» የሚሉኝ አሉ። መልሱ በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ተገኝቷል። በአሜሪካ በሲያትል አካባቢ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ከ1 ሺህ 800 የሚበልጡ የጨብጥና የክላሚዲያ ሕሙማን እስከ መጨረሻው ተሳትፈዋል። ለአንዱ ወገን «ጓደኛችሁ እንዲታከም ንገሩ» ተባለ። ለሌላው ወገን የጓደኛው መድኃኒት ጭምር እንዲደርስ ተደረገ። ጨብጥ ይዟቸው ከነበሩት መካከል ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ከ100 ሰዎች 11ዱ በሽታው ተመልሶ ወይም ሳይለቃቸው ተገኘ። የጓደኛቸው መድኃኒት ከደረሳቸው ግን ከ100 ሦስቱ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ ያው ነው። ልዩነቱ የሁለተኛው ሰው መታከም ነው።

ሁለተኛው ጥናት ቅርብ ነው። ብዙ እህቶቻችንን የሚያስጨንቅ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያመጣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባል ሕመም አለ። ሴቲቱ ትታከማለች፤ ይሻላታል፤ በወሩ ይመለሳል። ለብዙ ዘመን የሚታከመው የሴቲቱ አካል ብቻ ነበር። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 164 ጥንዶችን ወስደው በአንደኛው ወገን ባሎችም ለ7 ቀናት የሚዋጥ መድኃኒትና የሚቀባ ቅባት እንዲጠቀሙ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2025 እንደታተመው፣ ሴቷ ብቻ በታከመችበት ወገን በ12 ሳምንታት ውስጥ ከ100 ሴቶች 63ቱ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ባልም በታከመበት ወገን 35 ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከተያዘለት ጊዜ በፊት ቆመ። ስንት ሴት ናት «አልድን ያልኩት ምን ኃጢአት ቢኖርብኝ ነው?» እያለች ያለቀሰችው!

ቂጥኝም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቅድመ ወሊድ ክትትል ተመርምራ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ብትወስድ ፅንሷን ታድናለች። ባሏ ካልታከመ ግን ሳትወልድ መልሶ ሊያስይዛት ይችላል። የዚህ ዕዳ ከፋይ ገና ያልተወለደ ሕፃን ነው።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ሁለታችሁም ታከሙ ማለት አንዱን መድኃኒት ለሁለት ተካፈሉ ማለት አይደለም። «ግማሹን ለእሷ ሰጠኋት» ያለኝ ሰው አለ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም አይድኑም። የወንዱ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ስለዚህ ሚስት ራሷ መታየት አለባት። በጎደለ መጠን መዋጥ ደግሞ ተህዋሱን ያለማምደዋል። ጨብጥ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በየተራ የለመደ ነው። ዞሊፍሎዳሲን የተባለውን አዲስ መድኃኒት በ930 ሰዎች ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱን ለመስማት የብዙ ዓመታት ድካም ጠይቋል። እኛ በስድስት ፍሬ የምናበላሸውን ዓለም በስንት ልፋት ይተካዋል?

«ብነግራት ቤቴ ይፈርሳል» የሚል ወንድም ይኖራል። ፍርሃቱን አልንቀውም። ለሥራ ወደ መተማ ወርዶ ወይም አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰ ሰው ይህን ቃል ማውጣት ይከብደዋል። ነገር ግን ዝምታም ቤት ያፈርሳል፤ ያውም ጥፋት የሌለባትን «መካን» አሰኝቶ ነው። በኒካህ የተረከባት ሴት ጤና በእጁ ያለ አማና ነው። ከራሱ አፍ ማውጣት ካቃተው ወደ ጤና ባለሙያ ይዟት ይምጣ፤ ቃሉን እኛ እንፈልግለታለን። የሰውን ምሥጢር መጠበቅ የሙያችን ግዴታ ነው።

እህቶችም ወንድሞችም አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈሳሽ ሁሉ የዝሙት ምልክት አይደለም። በፈንገስ የሚመጣ ማሳከክ ያለ ምንም ኃጢአት ይይዛል፤ አንዳንዱ በሽታም ከጋብቻ በፊት ገብቶ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከመጠርጠርና ከመካሰስ በፊት ምርመራ ይቅደም።

በመጨረሻ የምለው ይኸው ነው። ወንድሜ፣ ማቃጠልም ሆነ ቁስል ካየህ ከመድኃኒት ቤት በፊት ጤና ጣቢያ ሂድ። ባለቤትህም ትታይ። የታዘዘውን ሁለታችሁም እስከ መጨረሻው ውሰዱ፤ ባለሙያው እስኪፈቅድላችሁም ከግንኙነት ታቀቡ። የኤች አይ ቪ ምርመራም አድርጉ። ሽማግሌዎችና ኢማሞቻችን ደግሞ ከኒካህ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ሲጠይቁ የቂጥኝንም ቢጨምሩበት መልካም ነው። ለሙያ ጓደኞቼም አደራ አለኝ። ጋቢውን ተከናንቦ የሚመጣውን ሰው ካፕሱል ቆጥራችሁ አትሸኙት። «ባለቤትህስ?» በሉት።

እኔ ዛሬ ሳላፍር እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይወጣል። አንዳንዱ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁለት ሆኖ ይመጣል።