ወርቁን ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?

አንዲት እህታችን የላከችልኝ ደብዳቤ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ከሁለት ዓመት ፍቅረኛዋ ጋር ተለያይታለች። ለልደቷ ያጠለቀላት የወርቅ ሐብል ግን፣ የስሟ ፊደል እንደተንጠለጠለበት መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። እናቷ ታማለች፤ ለሕክምና ገንዘብ ያስፈልጋል። ጓደኞቿ ደግሞ የፍቅር ስጦታ አይሸጥም፣ ነውር ነው ብለዋታል።

እህቴ፣ አትሳቂብኝና ስለ ሱረት ላውራሽ። አዎ፣ ስለ ሱረት! በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ሱረት መሳብ ፋሽናቸው ነበር። ዋናው ነገር ግን ሱረቱ ሳይሆን ሣጥኑ ነው። የአያቴን ቆርቆሮ እርሺው! መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ከወርቅ የተሠራች፣ ሥዕልና አልማዝ ያሸበረቀባት፣ ዱቄቱ እንዳይፈስ ክዳኗ ግጥም የሚል ሣጥን ነበረች። የፓሪስ ዘናጮችማ ለብርድ ወራት ከበድ ያለ፣ ለሙቀት ወራት ቀለል ያለ ሣጥን ይይዙ ነበር፤ ልክ እንደ ኮት! የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክማ ሣጥን መሰብሰብ አመሉ ነበር። በ1759 እ.ኤ.አ. በኩነርስዶርፍ ውጊያ ላይ ኪሱ የነበረው ሣጥን ጥይት መልሶለታል ይባላል።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ነገሥታቱ አምባሳደር ሲሸኙ ወይም ውል ሲዋዋሉ ክዳኑ ላይ ምስላቸው ያለበት ባለ አልማዝ ሣጥን ይሸልማሉ። ለትልቅ ሰው ብር ቆጥሮ መስጠት ነውር ነዋ! የእንግሊዙ ጆርጅ 4ኛ በ1821 እ.ኤ.አ. ዘውድ ሲጭን ለውጭ መልእክተኞች ለተሰጡ ሣጥኖች ብቻ ከ8,000 ፓውንድ በላይ ወጥቷል። ተሸላሚዎቹስ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ብዙዎቹ ሣጥኑን ይዘው ወደ ወርቅ ሠሪው ይመለሱና ጥሬ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። ያው ሣጥን ለሌላ እንግዳ ይሸለማል። በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ይህ የአደባባይ ምስጢር ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ብልጥ ነው፤ አልማዙን ሸጦ የንጉሡን ምስል ያስቀራል።

እህቴ፣ እኔ የወደድኩት ይሄንን የመጨረሻውን ነው። ፊደሏን አውልቀሽ አስቀምጫት፤ ሰንሰለቱን ሽጪ። ልጁን አስፈቅጂ የሚሉሽን አትስሚ፣ የሰጠሽ ላንቺ ነው። ብቻ ሁለት ሦስት ወርቅ ቤት ሳታስመዝኚ ለመጀመሪያው እሺ እንዳትዪ። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።