ውሃ በወረታ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

የፊዚክስ መጽሐፋችሁን ብትገልጡ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚል ታገኛላችሁ። ነገር ግን ወረታ ላይ ድስት ጥዳችሁ፣ ውሃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትር ብታገቡበት ከ94 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ተማሪዎች ይህን ባዩ ጊዜ አስቀድመው የሚከሱት ቴርሞሜትሩን ነው። ቴርሞሜትሩ ግን ንጹሕ ነው። መጽሐፉም አልዋሸም፤ የሚናገረው በባሕር ጠረፍ ስላለ አገር ነውና፣ ጅቡቲ ለሚቀመጥ ሰው ልክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ጣሊያን አገር መሻገር ያስፈልጋል። የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር የነበረው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 አንድ ጫፉ የተደፈነ ረዥም የብርጭቆ ቱቦ ባዜቃ ሞልቶ፣ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ላይ መድፋት ምን እንደሚያስከትል መረመረ። ባዜቃው ሁሉ አልፈሰሰም፤ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ደግፎ የያዘውም በሳሕኑ ላይ የሚጫነው አየር ነው። ነገር ግን የማይታይ አየር ክብደት አለው ቢባል በዚያ ዘመን ማን ያምናል?

ፈረንሳዊው ፓስካል እንዲህ ሲል አሰበ፤ አየር ክብደት ካለው፣ ተራራ ላይ የሚጫነን አየር ስለሚያንስ ባዜቃውም ዝቅ ማለት አለበት። እኅቱን ያገባው ፔሪየ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ቱቦውን ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ። ባዜቃው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ። ሌላ ቱቦ ግን ከተራራው ግርጌ በገዳም አትክልት ቦታ ተተክላ፣ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቋት ዋሉ፤ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። እኔን ከተራራው ይልቅ የምታስደንቀኝ ይህች ሁለተኛዋ ቱቦ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ፣ ዕለቱ ስለ ተለወጠ ነው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የፎገራ ሜዳ ዓይንን ያታልላል። እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው በክረምት ይተኙበታል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ አገር ይመስለናል። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። የፔሪየ ተራራ ጫፍ 1,465 ሜትር ነውና፣ የፎገራ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርሰው ፔሪየ ተንጠራርቶ ከደረሰበት 300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ማለት ነው! የቶሪቼሊ ቱቦ ወረታ ላይ ብትተከል ባዜቃው 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል።

ውሃ ፈላ የምንለው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት የሚጫነውን አየር ገፍቶ አረፋ ለመሆን አቅም ሲያገኝ ነው። ጫናው ሲቀል እንፋሎቱ ብዙ ሳይግል ያሸንፋል። ደብረ ታቦር ላይ 91፣ ጉና ራስ ላይ 86 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

ሩዝ ወደ ፎገራ ከገባ ከ1970ዎቹ ወዲህ ይህ ነገር በየጓዳው ገብቷል። በኪራይ ቤት ሩዝ የምታበስሉ ሁሉ ልብ በሉ፤ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ከ94 አያልፍም። እሳቱን ቀንሳችሁ ድስቱን ክደኑ። ድኒ ፓፔን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ ያሳየው ብልሃት ደግሞ እንፋሎቱን በሚቆለፍ ክዳን አፍኖ፣ ውሃው ሳይፈላ ከ100 በላይ እንዲግል ማድረግ ነበር።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ያለ ጎርፍ ጉድጓዱን ሲያበላሸው ግን ጥያቄው ከሩዝ ይከብዳል፤ 94 ዲግሪ የመጠጥ ውሃ ያነጻልን? ያነጻል። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያን ከዚያ በታችም ይሞታሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ምክር አንድ ደቂቃ ማንተክተክ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ። ወረታ አንድ፣ ደብረ ታቦር ሦስት ማለት ነው።

መቀስና መርፌ ግን በዚህ አይነጹም። የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋሲ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የፈላ ውሃን ይችላል፤ ለእርሱ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል። ለዚህም የፓስተር ረዳት ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1879፣ ከፓፔን ድስት 200 ዓመት በኋላ፣ ኦቶክሌቭን ሠራ። በጤና ጣቢያ የምትሠሩ አንባቢዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የመሣሪያው መመሪያ ግፊቱ 15 ፓውንድ ሲደርስ 121 ዲግሪ ይሆናል ቢል፣ ይህም እንደ መማሪያ መጽሐፉ የባሕር ጠረፍ ቋንቋ ነው። መለኪያው የሚያሳየው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር የበለጠበትን ብቻ ስለ ሆነ፣ ወረታ ላይ 15 ፓውንድ የሚሰጠው 118 ዲግሪ ያህል ነው። 121 ለመድረስ ወረታ ላይ 18፣ ደብረ ታቦር ላይ 19 ፓውንድ ያህል ይፈልጋል። ኦቶክሌቩ ቴርሞሜትር ካለውና አየሩ አስቀድሞ ከወጣለት ግን፣ ከግፊት መለኪያው ይልቅ ቴርሞሜትሩን እመኑ።