ሚዛኑ የማን ነው?

የቡሬ በርበሬ ነጋዴ አንድ ነገር አሳምሮ ያውቃል። ሚዛኑን ይዞ የመጣው ገዢው ብቻ ከሆነ፣ በዋጋ የቱንም ያህል ቢከራከሩ ትርፉ ሚዛኑ ላይ ይቀራል። ስለ ቴሌኮም ሲወራ ግን ይህ ብልሃት የት እንደሚገባ እንጃ! ታሪፍ ረከሰ፣ ተወደደ እንላለን እንጂ ስለ ሚዛኑ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ሚዛን የመቆጣጠሪያ ፕሮቶኮል ይባላል። በቀድሞው አሠራር መረጃው በየት በኩል ይለፍ የሚለውን እያንዳንዱ የኔትዎርክ መሣሪያ በራሱ ይወስን ነበር። በሶፍትዌር በሚመራው ኔትዎርክ ግን ውሳኔው ወደ አንድ ማዕከል ይሰበሰብና መሣሪያው ታዛዥ ብቻ ይሆናል። ትእዛዙ የሚተላለፍበት ቋንቋ ነው እንግዲህ ፕሮቶኮሉ። ቋንቋው ለሁሉም ክፍት ከሆነ ማዕከሉን ከአንዱ፣ መሣሪያውን ከሌላው አወዳድሮ መግዛት ይቻላል። የአንድ ኩባንያ የግል ቋንቋ ከሆነ ግን ገዢው ፍቺ የሌለው ጋብቻ ገብቷል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሪቱ የቴሌኮም ማስፋፊያ፣ ሻጩ ራሱ ባመቻቸው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር፣ ለቻይናው ዜድቲኢ ብቻ ተሰጠ። በ2013 የ1.6 ቢሊዮን ዶላሩ ሥራ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ተከፈለ። ወዲያው ነባሩን ኔትዎርክ የማሻሻያው ወጪ ከዜድቲኢ ጋር አወዛገበና በ2014 ከድርሻው ከፊሉ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተላለፈ። ተጫራች ማብዛት ብቻውን ከማነቆ አያወጣም።

ለመሆኑ የትኛው ቋንቋ ያሸንፋል? እ.ኤ.አ. በ2008 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኦፕንፍሎው ብዙ ተነግሮለት ነበር፤ ጉግልም የመረጃ ማዕከሎቹን ሲያገናኝበት ቆይቷል። ይሁንና ገበያውን አልወረሰም። ተከትሎት የመጣው ፒፎርም ቢሆን ኢንቴል በ2023 ቶፊኖ የተባለውን ቺፕ ማበልጸግ ሲያቆም ዋና መደገፊያውን አጣ። እንግዲህ ክፍት መሆን የዕድሜ ዋስትና አይደለም። በእኔ ግምት መጪው ጊዜ የአንድ ፕሮቶኮል ሳይሆን የቅልቅል ነው፤ ነባሮቹ የመንገድ መምረጫ ፕሮቶኮሎች ይቀጥላሉ፣ ኔትኮንፍንና ጂኤንኤምአይን የመሳሰሉት ክፍት የማዘዣ ቋንቋዎች ደግሞ ከላይ ይደረባሉ። ስለዚህ በአንድ ስም ላይ ከመወራረድ ይልቅ የመቀየር መብትን በውል ማሰር ይሻላል።

የማዕከል ነገር ሌላም ጣጣ አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ ፍኖተ ሰላም ላይ የሚነግድ ሰው ምን እንደከሰረ ራሱ ያውቀዋል። ጥፋቱ የአዲሱ ቴክኖሎጂ ነው አልልም፤ መስመር ለመዝጋት ድሮም ሶፍትዌር አላስፈለገም። ትእዛዝ ሁሉ ከአንድ ቦታ በወጣ ቁጥር ግን መዝጋቱ ይቀልላል፤ ባለሀብቱም ይህን ሥጋት በወጪው ላይ ይደምረዋል።

በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። እነዚህ ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ስንት ነው ከማለታቸው በፊት ይህን ይጠይቁ፦ በሚቀጥለው ግዢ የሚመጣው ማዕከል የሌላ ኩባንያን መሣሪያ ሲያዝዝ ተሞክሮ ታይቷል ወይ? ካልታየስ ማን ፈረመበት?