ትምህርት ቤቱ ሳይሠራ እንናገር

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በልጆቻችን ትምህርት ቤት ጉዳይ የእኛም ጩኸት ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ግንቡ ቆሞ፣ ምዝገባው አልቆ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን ክፍሉ በእኛ ልጆች ብቻ መሞላቱን ስናይ ያን ጊዜ እንነሣለን።

እ.ኤ.አ. በ2011 በፔታሕ ቲክቫ የሆነውን አዲስ የመጣችሁ አልሰማችሁ ይሆናል። ኔር ዔፅዮን በተባለው ትምህርት ቤት የሚማሩት ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያ ልጆች ብቻ ስለነበሩ ተቃውሞ ተነሣ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። የተቃወሙት ልክ ነበሩ። ሆኖም እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ካርታ ላይ ነው።

በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት ማንኛውም መሬት ለምን እንደሚውል አስቀድሞ በፕላን ይወሰናል። ለሕዝብ አገልግሎት የተከለለው፣ ትምህርት ቤቱም ጭምር፣ በካርታው ላይ ቡናማ ቀለም ይቀባል። ፕላኑ ለተቃውሞ ሲቀርብ በጋዜጣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳት ይደርስብኛል የሚል ሰው ተቃውሞውን የሚያቀርብበት 60 ቀን አለው። ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና ከመሐላ ቃል ጋር መሆን አለበት። ኮሚቴውም ተቃዋሚውን በግልጽ ስብሰባ ይሰማል።

መብቱ አለን ማለት ነው። ግን የክትባት ወረቀት ለማስነበብ ጎረቤት የምትለምን እናት እነዚያን የተጨናነቁ የዕብራይስጥ መስመሮች እንዴት ታንብብ? 60ው ቀን ያልቃል፤ «ማንም አልተቃወመም» ተብሎ ይጻፋል። ማስታወቂያው እኛ በብዛት በምንኖርበት ሰፈር በአማርኛም እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ይህ ልመና አይደለም።

«እኛ እንግዶች ነን፣ ዝም ብንል ይሻላል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉን። አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ አንስማማም። አባቶቻችን በጎንደር ርስት ተነፍገው የሰው መሬት በእርቦና በሲሶ ሲያርሱ ኖረዋል፤ መሬት በማን ቃል እንደሚከፋፈል ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? የምንኖርባትን መዝከረት ባትያንም እ.ኤ.አ. በ1883 የመሠረቷት ከሩሲያ የመጡ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሸሚጣ ዓመት መሬቱን አናርስም ብለው፣ ገንዘቡን ከሚሰጧቸው ከባሮን ሮትሽልድ ሹማምንት ጋር ተሟግተዋል። እነሱም እንግዶች ነበሩ።

ከራሳችን ጋርም ክርክር አለን። «ትምህርት ቤቱ ከደጃችን ይሁን» የሚለው ጥያቄ ይገባናል፤ መኪና የሌላት እናት ትንሽ ልጇን ትልቅ መንገድ አቋርጦ እንዲሄድ አትፈቅድም። ዳሩ ግን በእኛ ሰፈር መሐል የተሠራ ትምህርት ቤት የእኛ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የምንፈልገው ቦታ በሁለት ሰፈሮች መጋጠሚያ ያለው፣ ከሁለቱም ወገን ልጅ በእግሩ የሚደርስበት ነው። መዝከረት ባትያና ኪርያት ኤክሮን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ናቸው፤ ለልጆች ግን በመካከላቸው ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ቡናማውን ቀለም በድንበሩ አጠገብ ለመቀባት ሁለት ምክር ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አስቸጋሪ ነው ይሉናል። ለማን አስቸጋሪ?

አንድ ነገር ደግሞ አትሳሳቱ። የፕላን ኮሚቴው የሚወስነው ስለ ቦታው፣ ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው ስፋት ነው። የትኛው መንገድ ልጆች የት ይመዝገቡ የሚለው የምዝገባ ወሰን በሌላ ቢሮ፣ በአካባቢው አስተዳደር የትምህርት ክፍል ነው የሚታየው። አንዱ ጋ ብቻ የጮኸ ሰው «ይህ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ጋ መጻፍ ያስፈልጋል።

ባዶ መሬት ላይ የፕላን ማስታወቂያ ተሰቅሎ ካያችሁ ፎቶ አንሥታችሁ የተለጠፈበትን ቀን ጭምር አምጡልን። ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችን ይተረጉሙታል፤ ተቃውሞውን አብረን እንጽፋለን።